ሹራብ ለሚጀምር ሰው፦ ከእጅ በፊት ዐይንን ማሠልጠን

ሹራብ ለመማር የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዐይኑን የሚተክለው በሚሠራው ሰው ጣቶች ላይ ነው። መርፌዎቹ ይጋጫሉ፣ ክሩ ከጣት ወደ መርፌ ይሾልካል፣ ጨርቁም እያደር ይረዝማል፤ ተመልካቹም ነገሩ ሁሉ የእጅ ቅልጥፍና ነው ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ እንቅስቃሴውን በቃሉ ይይዝና ሳይሳሳት እስከ ሄደ ድረስ ይሠራል፤ የመጀመሪያዋ ስሕተት ስትመጣ ግን ምን እንደ ተፈጠረ ስለማያውቅ ያለው ምርጫ ሥራውን በሙሉ ተርትሮ እንደገና መጀመር ብቻ ይሆናል። ይህ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲደጋገም መርፌዎቹ መሳቢያ ውስጥ ይገባሉ፣ በዚያውም ይቀራሉ። የእኔ እምነት በሹራብ ሥራ ከእጅ ቀድሞ መሠልጠን ያለበት ዐይን ነው የሚል ነው፤ መርፌው ላይ የተደረደረውን ማንበብ የቻለ ሰው እጁ ዘገምተኛ ቢሆን እንኳ የጀመረውን ይጨርሳል፣ ሲሳሳትም የተሳሳተበትን ቦታ ብቻ ያርማል።

ምን እንደሚነበብ ለመረዳት ሹራብ ከሽመና በምን እንደሚለይ ማየት ይጠቅማል። በሽመና ድሩ ተወጥሮ ይቆማል፣ ማጉ ደግሞ በድሩ መካከል ከላይና ከታች እየተሹለከለከ በአግድም ያልፋል፤ ሁለቱ ክሮች ቀጥ ብለው ስለሚቋረጡ ጨርቁ እምብዛም አይለጠጥም። በሹራብ ውስጥ ግን ድርም ማግም የለም። ያለው አንድ ክር ነው። ይህ ክር ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ቀለበት ይሠራል፤ እያንዳንዱ አዲስ ቀለበት ከበታቹ ባለው ቀለበት ውስጥ ሾልኮ ይወጣል፣ የበታቹም በላይኛው ተይዞ ይቀራል። በመርፌው ላይ የሚታዩት ቀለበቶች የሚይዛቸው ገና ያልመጣላቸው ናቸው፤ የመርፌውም ተግባር ተረኛው እስኪደርስ ድረስ እንዳይፈቱ ይዟቸው መቆየት ነው። ጨርቁ የሚለጠጠው ክሩ ራሱ ስለሚረዝም ሳይሆን ቀለበቱ ሲጎተት ቅርጹን ስለሚለውጥ ነው፤ ወደ ጎን ሲስቡት ቁመቱ ያጥራል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ከዚሁ ባሕርይ የተነሣ አንድ ቀለበት ከመርፌ አምልጦ ጨርቁ ከተጎተተ ከሥሩ ያሉት ተራ በተራ መፈታት ይጀምራሉ። ስቶኪንግ አንድ ቦታ ሲነካ እንደ መሰላል ቁልቁል የሚተረተረውም ስቶኪንግ ራሱ በማሽን የተሠራ ቀጭን ሹራብ በመሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ እ.ኤ.አ. በ1589 የፈለሰፈው የካልሲ መሥሪያ ማሽንም ቢሆን ይህንኑ ቀለበት በብዙ መርፌዎች በአንድ ጊዜ የሚሠራ ነበር እንጂ አዲስ ዓይነት ጨርቅ አላመጣም።

አንድ ቀለበት ሁለት ገጽ አለው። ከፊት ሲያዩት ሁለት እግሮቹ ከታች ተገናኝተው ወደ ላይ ይከፈታሉ፤ ተገልብጦ የተጻፈ «ለ» ይመስላል። ከኋላ ሲያዩት ደግሞ እግሮቹ ይሸሸጉና እንደ ቅንድብ የታጠፈ አግድም ጉብታ ብቻ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን «የፊት ቀለበት»፣ ሁለተኛውን «የጀርባ ቀለበት» እላለሁ። ጀማሪው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን የሚማር ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ነገሩ አንድ መሆኑ ነው። አዲሱ ቀለበት በአሮጌው ውስጥ ወደ እርስዎ ከተሳበ ፊቱን ያሳይዎታል፣ ከእርስዎ ወደዚያ ከተገፋ ደግሞ ጀርባውን። ጨርቁን ቢያዞሩት የፊቱ ጀርባ፣ የጀርባው ፊት ይሆናል። ይህች አንዲት ነጥብ በደንብ ከገባች የሹራብ መመሪያዎች እንቆቅልሽነት በግማሽ ይጠፋል።

እጅን በተመለከተ ሥራው አራት እርምጃ ነው። ቀለበቶቹን የያዘው መርፌ በግራ፣ ባዶው በቀኝ ይሁን። ለፊት ቀለበት ክሩን ከሥራው ኋላ ያድርጉ፤ የቀኙን መርፌ ጫፍ በግራው መርፌ የመጀመሪያ ቀለበት ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ ያስገቡ፤ ክሩን በቀኙ መርፌ ጫፍ ላይ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ አንድ ጊዜ ይጠምጥሙና በሁለቱ መርፌዎች መካከል ያሳልፉ፤ የተጠመጠመውን ክር በመርፌው ጫፍ ይዘው በቀለበቱ ውስጥ ወደ ራስዎ ያውጡት፤ በመጨረሻም አሮጌውን ቀለበት ከግራው መርፌ ላይ ይልቀቁት። ለጀርባ ቀለበት ክሩ ከሥራው ፊት ይሆናል፣ መርፌው ከኋላ ወደ ፊት፣ ማለትም ከቀኝ ወደ ግራ ይገባል፣ ጥምጠማው ያው ነው፣ የተጠመጠመው ክር ግን ወደዚያ ይገፋል። ክሩን በቀኝ እጅ መያዝም በግራ ጣት ላይ ወጥሮ በመርፌ መጥለፍም ይቻላል፤ ሁለቱም ዘዴዎች የሚያወጡት ጨርቅ አንድ ነው፤ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክርም እጅዎ ከመረጠው በላይ ትርጉም የለውም። ግራኝ የሆነ ሰውም ሥራው ሁለቱን እጆች ስለሚጠቀም አስቀድሞ ይህንኑ አቅጣጫ ቢሞክር መልካም ነው፤ አብዛኞቹ መመሪያዎች በዚህ አቅጣጫ ስለሚጻፉ ገልብጦ የሚሠራ ሰው ያነበበውን ሁሉ በልቡ መገልበጥ ይኖርበታል።

ቀለበት በመርፌ ላይ የሚቀመጠው ፈረስ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ነው፦ አንድ እግሩ ከወዲህ፣ ሌላው እግሩ ከወዲያ። ከላይ በተገለጸው መንገድ ከተሠራ ከመርፌው ፊት የሚሆነው የቀኝ እግሩ ነው። ክሩ በተቃራኒው አቅጣጫ ከተጠመጠመ ወይም አምልጦ የተመለሰ ቀለበት ዞሮ ከተቀመጠ ከፊት የሚታየው የግራ እግሩ ይሆናል፤ ይህን ሳያስተውሉ እንደ ወትሮው ቢሠሩት የቀለበቱ እግሮች ከታች ተጣምረው ይቆላለፋሉ። የተቆላለፈ ቀለበት አይፈታም፣ ጨርቁንም አይጎዳም፤ ግን ይጠብቃል፣ ከጎረቤቶቹም ይለያል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መርፌዎን የትኛው እግር ከፊት እንዳለ አይተው ክፍት በሆነው በኩል ያስገቡ። ብዙ ጊዜ የሠራ ሰው ይህን ሳያስበው ያደርገዋል፤ ጀማሪ ግን በየረድፉ መጀመሪያ ቆም ብሎ የሁለት ሦስቱን ቀለበቶች እግር ቢያይ አይከስርም።

በፊትና በጀርባ ቀለበት ብቻ ምን ያህል የተለያየ ጨርቅ እንደሚወጣ ማየት ያስደንቃል። መርፌ ላይ በወዲያና በወዲህ በሚሠራ ጨርቅ በሁሉም ረድፍ የፊት ቀለበት ብቻ ቢሠራ፣ ጨርቁ በየረድፉ ስለሚገለበጥ፣ በሁለቱም በኩል አግድም ትልም የሚታይበት ወፈር ያለ ጨርቅ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ትልም ሁለት ረድፍ ስለ ሆነ መቁጠሩም አያስቸግርም። አንድ ረድፍ ፊት፣ አንድ ረድፍ ጀርባ እያሉ ቢሄዱ ደግሞ አንዱ ገጽ በሙሉ በተገለበጠ «ለ» ይሞላል፤ ከሱቅ የሚገዛ ሹራብ ላይ የለመድነው ለስላሳ ገጽ ይህ ነው። ጀማሪዎች ሁሉ የሚጓጉለት እርሱን ነው፤ ለመጀመሪያ ሥራ ግን አልመክረውም። ምክንያቱም ይጠቀለላል፤ የታችና የላይ ጠርዙ ወደ ፊት፣ ግራና ቀኙ ወደ ኋላ። ጥፋቱ የሠሪው አይደለም፤ የፊትና የጀርባ ገጾች ውጥረት እኩል ባለመሆኑ የሚመጣ የጨርቁ ጠባይ ነው፤ ማጠብም ሆነ መተኮስ ለዘለቄታው አያስተካክለውም። የአንገት ልብስ በዚህ ዓይነት የሠራ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ረጅም ቱቦ ነው። ፊትና ጀርባ በአንድ ረድፍ ውስጥ እየተፈራረቁ፣ ለምሳሌ ሁለት ፊት ሁለት ጀርባ ቢሠሩ፣ በላይኛውም ረድፍ ፊቱ በፊት ላይ፣ ጀርባው በጀርባ ላይ ቢያርፍ፣ እንደ ማጭድ ጥርስ የሚሸበሸብና በጣም የሚለጠጥ ጨርቅ ይገኛል፤ የእጅጌ ጫፍና የአንገት ጠርዝ የሚሠራው በዚህ ነው። እዚህ ላይ ማንበብ ጥቅሙን ያሳያል፦ የት እንደ ደረሱ ቢጠፋዎ መቁጠር አያስፈልግም፤ ከመርፌው ሥር ያለውን ያዩና «ለ» ካለ ፊት፣ ጉብታ ካለ ጀርባ ይሠራሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ከፊት ወደ ጀርባ ሲሻገሩ ክሩ በሁለቱ መርፌዎች መካከል እንጂ በመርፌው ላይ ተሻግሮ መምጣት የለበትም።

ዕቃን በተመለከተ የጀማሪ ጠላቱ ጥቁር ክር ነው። ጥቁር፣ ጠጉራም ወይም ወጣ ገባ የሆነ ክር ላይ ቀለበት አይታይም፤ የማይታይን ነገር ማንበብ ደግሞ አይቻልም። ነጣ ያለ፣ አንድ ቀለም ያለው፣ በደንብ የተገመደ መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር ይምረጡ። በክሩ ወረቀት ላይ ከ0 እስከ 7 የሚሄድ የውፍረት ቁጥር ካለ 4 የተጻፈበት ተስማሚ ነው፤ ከ4.5 እስከ 5.5 ሚሊ ሜትር በሚሆን መርፌም ይሠራል። የመርፌ ውፍረት በሚሊ ሜትር መነጋገር ከስሕተት ያድናል፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። በአሜሪካ አቆጣጠር 8 ቁጥር 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን በቀድሞው የብሪታንያ አቆጣጠር ግን 8 ቁጥር 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በመጀመሪያው ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይወፍራል፣ በሁለተኛው ደግሞ ይቀጥናል። የእንጨትና የቀርከሃ መርፌ ክሩን ያዝ ስለሚያደርግ ቀለበት ቶሎ አይሾልክበትም፤ የብረት መርፌ ያንሸራትታል፤ ፍጥነት ለሚፈልግ ይመቻል፣ ለጀማሪ ግን ያደናግጣል። ሁለት መርፌ በቀጭን ገመድ የተያያዙበት ዓይነትም አለ፤ ቱቦ ለመሥራት የታሰበ ቢሆንም ወዲያና ወዲህ ለሚሠራ ጨርቅም ያገለግላል፤ የሥራው ክብደት ጭን ላይ ስለሚያርፍም የእጅ አንጓን ያሳርፋል።

ሱፍ ለመማሪያ የሚወደደው ስለሚለጠጥና ስለሚመለስ ነው፤ ያልተስተካከለ እጅ የሠራውን ቀለበት ይቅር ይላል። ጥጥ እንደዚያ አይመለስም፤ እያንዳንዱን መላላትና መጥበቅ ሳይሸሽግ ያሳያል፣ እጅንም ያደክማል። አክሪሊክ ርካሽና ለማጠብ ቀላል በመሆኑ ለልምምድ አይከፋም፤ ትኩስ ካውያ ካረፈበት ግን ቅርጹን ለዘለቄታው ያጣል። ለአንድ ሥራ የሚበቃውን ክር በአንድ ጊዜ መግዛት ያስፈልጋል፤ በወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ስም ሌላ የማቅለሚያ ዙር ቁጥር ይጻፋል፤ ስሙ አንድ ሆኖ ዙሩ ሲለያይ በሱቁ መብራት ያልታየ ልዩነት በደረት መካከል እንደ መስመር ይወጣል።

የመጀመሪያዎቹን ቀለበቶች በመርፌው ላይ ለመጣል ብዙ ዘዴዎች አሉ። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ክር ወጥሮ የሚሠራው ነው፤ ችግሩ ጭራውን አስቀድሞ መገመት ነው፤ ካነሰ በሰማንያኛው ቀለበት ላይ ያልቅና ሁሉም ይፈታል። ክሩን በመርፌው ላይ አሥር ጊዜ ጠምጥመው የፈጀውን ርዝመት ይለኩ፤ ለአሥር ቀለበት የሚበቃው ያ ነው፤ ሥራው ስንት አሥር ቀለበት እንደሚፈልግ አስበው በዚያ ርዝመት ያባዙና አንድ ሃያ ሳንቲ ሜትር ይጨምሩበት። ጀማሪ ይህን ረድፍ አብዝቶ ያጠብቃል፤ ያኔ የመጀመሪያው ረድፍ መርፌ አያስገባም፣ የሹራቡ ሥርም ተጨምድዶ ይቀራል። ሁለት መርፌ አጣምሮ በሁለቱም ላይ መጣልና ከዚያ አንዱን መምዘዝ ጥሩ ብልሃት ነው።

ስለ መጥበቅ ከተነሣ አይቀር፣ ዋነኛው ምክንያት ብርታት አይደለም፤ ጫፍ ላይ መሥራት ነው። የመርፌ ጫፍ ቀጭን ነው፤ የቀለበቱ ስፋት የሚወሰነው ደግሞ በሚጠመጠምበት ቦታ ውፍረት ነው። አዲሱ ቀለበት እስከ መርፌው ወፍራም ክፍል ሳይገባ አሮጌው ከተለቀቀ በጫፉ መጠን ይቀርና በሚቀጥለው ረድፍ ያስቸግራል። እያንዳንዱን አዲስ ቀለበት ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ መሥራት ክርን ከማላላት የበለጠ ይረዳል። ትከሻ ወደ ጆሮ ከተጠጋና የአውራ ጣት ሥር መሞቅ ከጀመረ ሥራውን ማስቀመጥ ይገባል፤ ይህ የክር ሳይሆን የጅማት ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ በ30 ቀለበት የተጀመረ የአንገት ልብስ ነበር። ስጨርሰው 43 ሆኖ አገኘሁት፤ ከጎን ሲታይ ልክ እንደ ጃንጥላ ወደ ላይ የሚሰፋ ነገር ሆነ። ክሩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ኋላ ላይ የተረዳሁት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ከላይ ያልኩት፣ ክሩ በመርፌው ላይ ተሻግሮ የማያስፈልግ አዲስ ቀለበት መፍጠሩ ነው፤ ይህ ከሥሩ ቀዳዳ ይተዋል። ሁለተኛው ስውር ነው፤ ረድፉ አልቆ ሥራው ሲገለበጥ ክሩ ከመርፌው በላይ ወደ ኋላ ከተጎተተ የመጨረሻው ቀለበት ተስቦ ይነሣና ሁለቱ እግሮቹ እንደ ሁለት ቀለበት ይታያሉ። ጀማሪውም ሁለቱንም ይሠራቸዋል። ሥራውን እንደ ገለበጡ ክሩን ወደ ታች ጎትተው ጠርዙ ላይ ያለው ቀለበት አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ያኔ ወዲያውኑ ክሩን ከመርፌው በታች ወደሚፈለገው በኩል ይውሰዱት። በየአራትና አምስት ረድፉ መቁጠርም ያስፈልጋል፤ በአርባኛው ረድፍ የተገኘ ስሕተትና በአራተኛው የተገኘ ዋጋቸው እኩል አይደለም። ሰፊ ሥራ ከሆነ በየሃያ ቀለበቱ የሌላ ቀለም ክር ቁራጭ በመርፌው ላይ ማንጠልጠል ቆጠራውን ያቀልለዋል።

ቁጥሩ ከቀነሰ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀለበት አምልጧል፤ ወይም ሁለቱ በአንድ ላይ ተሠርተዋል። ያመለጠ ቀለበት ያስደነግጣል፤ ግን አይሮጥም። ሱፍ ከሆነ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቅዎታል፤ የሚያሮጠው የእኛ መጎተት ነው። ሥራውን ጠረጴዛ ላይ ያስተኙትና የ«ለ»ው ገጽ ወደ እርስዎ ይሁን። ያመለጠው ቀለበት ክፍት አፉን ወደ ላይ አድርጎ ይታያል፤ ከእርሱ በላይ በግራና በቀኝ ባሉት ዓምዶች መካከል እንደ መሰላል መወጣጫ የተዘረጉ አግድም ክሮች አሉ። የመወጣጫዎቹ ቁጥር ቀለበቱ የወረደበት የረድፍ ቁጥር ነው። የኪሮሽ መርፌ በቀለበቱ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ ያስገቡ፤ ከሁሉ በታች ያለውን መወጣጫ ይጥለፉና በቀለበቱ ውስጥ ወደ ፊት ያውጡት። አንድ ረድፍ ተመልሷል። እንዲሁ እያደረጉ እስከ ላይ ይውጡና የመጨረሻውን፣ የቀኝ እግሩ ከፊት እንዲሆን አድርገው፣ በግራው መርፌ ላይ ያስቀምጡት። መወጣጫ ዘለው ከሄዱ በጀርባው በኩል ልቅ ክር ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ያኔ እስከዚያች ድረስ ለቀው እንደገና ይውጡ። ትልም ባለው ጨርቅ ላይ ከሆነ መንጠቆው አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ መግባት አለበት፤ አንድ ቀለበት ከፊት የታየ ከሆነ ከላዩ ያለው ከኋላ መታየት ስላለበት ነው። ይህን አንዴ በእጁ የሠራ ሰው ሆን ብሎ ቀለበት እየለቀቀ ከሥር ያለ ስሕተትን እስከ ማረም ይደርሳል፤ እኔ ለጀማሪ ሁሉ የምመክረው አንድ ልምምድም ይኸው ነው፦ በማይፈለግ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አንዲት ቀለበት አውቀው ይጣሉ፣ አምስት ረድፍ ያውርዷት፣ መልሰውም ያውጧት።

ወደ ኋላ መመለስ ካስፈለገና ስሕተቱ በያዙት ረድፍ ላይ ከሆነ ቀለበት በቀለበት መፍታት ይቻላል፤ የግራውን መርፌ በቀኙ መርፌ ላይ ካለው ቀለበት ሥር ባለው ቀለበት ውስጥ ከፊት አስገብቶ የላይኛውን ማውጣትና ክሩን ሳብ ማድረግ ነው። ብዙ ረድፍ ወደ ታች ከሆነ ግን መርፌውን ማውጣትና መተርተር ያስፈልጋል። አስቸጋሪ ንድፍ ሊጀምሩ ከሆነ አስቀድመው በስፌት መርፌ የሌላ ቀለም ቀጭን ክር በመርፌው ላይ ባሉት ቀለበቶች ሁሉ ውስጥ ያሳልፉ፤ ቢተረትሩ ሥራው እዚያ ክር ላይ ደርሶ ይቆማል።

አሁን ጀማሪዎች ሁሉ ሊዘሉት ወደሚፈልጉት ነገር እንምጣ፤ ወደ ናሙና። የሹራብ መመሪያ መጠንን የሚናገረው በሳንቲ ሜትር ውስጥ በሚገቡ ቀለበቶች ነው። መመሪያው በ10 ሳንቲ ሜትር 20 ቀለበት ካለና የደረቱ ዙሪያ 100 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የሚሠራው በ200 ቀለበት ነው። የእርስዎ እጅ ልል ሆኖ በ10 ሳንቲ ሜትር 18 ብቻ ከገባ ያው 200 ቀለበት 111 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ እጅዎ ጠበቅ ብሎ 22 ከገባ ወደ 91 ይወርዳል። የሁለት ቀለበት ልዩነት ለዐይን ምንም አይመስልም፤ በልብስ ላይ ግን አንዱ ጎረቤት የሚለብሰው፣ ሌላው ልጅ የሚለብሰው ሹራብ ይሆናል። ስለዚህ ቢያንስ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ይሠሩና ልብሱን እንደሚያጥቡት አጥበው ያድርቁት፤ ከጠርዙ ርቀው መካከሉ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ለክተው ይቁጠሩ። ግማሽ ቀለበትንም መጣል የለብዎትም። ቀለበቱ ከበዛ ወፈር ያለ መርፌ፣ ካነሰ ቀጠን ያለ መርፌ ይያዙ እንጂ እጅዎን ለማጥበቅና ለማላላት አይታገሉ፤ እጅ ሲዘናጋ ወደ ልማዱ ይመለሳል። ለአንገት ልብስ ወይም ለዕቃ መጥረጊያ ናሙና ባይሠሩም ጉዳት የለውም፤ ያን ያህል ጥብቅ መሆን አያስፈልግም።

ልቃቂቱ ሲያልቅ አዲሱን በረድፍ መጀመሪያ ላይ ማስገባት ይሻላል፤ ከሁለቱም 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጭራ መተው በቂ ነው። ቋጠሮ አይመከርም፤ ወደ ፊት ገጽ ይሾልካል፣ አንዳንዴም ይፈታል። ያልታከመ ሱፍ ከሆነ የሚያስደስት መንገድ አለ፤ የሁለቱን ጫፎች ዘርዘር አድርገው እርስ በርስ ያደራርቡ፣ ያርጥቡና በመዳፍዎ መካከል እስኪሞቅ ያሹት፤ የሱፍ ጸጉር ላይ ያሉት ጥቃቅን ቅርፊቶች በእርጥበት፣ በሙቀትና በመታሸት ተያይዘው ክሩ አንድ ይሆናል። በማሽን እንዲታጠብ የታከመ ሱፍ፣ ጥጥና አክሪሊክ ይህን አያደርጉም።

ለመዝጋት ሁለት ቀለበት ይሠሩና የመጀመሪያውን በግራው መርፌ ጫፍ አንሥተው በሁለተኛው ላይ አሻግረው ይጣሉት፤ አንድ ይሠራሉ፣ አንድ ያሻግራሉ። የመጨረሻዋ ስትቀር ክሩን ቆርጠው በውስጧ ያሳልፉት። ይህ ጠርዝ እንደ ሌላው ጨርቅ ስለማይለጠጥ በግማሽ ወይም በአንድ ሚሊ ሜትር የሚወፍር መርፌ መያዝ ይገባል፤ በተለይ አንገት ላይ፣ ራስ የማያስገባ ሹራብ ከመሥራት ያድናል። ጭራዎቹን ጫፉ ደነዝ በሆነ የስፌት መርፌ የቀለበቶቹን መንገድ ተከትለው አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ያስገቡና ወደ ኋላ መልሰው ጥቂት ያሳልፉ፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የገባ ጭራ ጨርቁ ሲለጠጥ ይወጣል።

ከመርፌ የወረደ ሥራ ገና አላለቀም። የጀማሪ ጨርቅ ላይ አንዱ ቀለበት ሰፍቶ ጎረቤቱ ጠቦ የሚታየው ሁለቱ በተሰጣቸው ክር እኩል ስላልተካፈሉ ነው፤ ሲረጥብ ግን ክሩ ይለሰልስና ትርፍ ያለው ወደ ጎደለው ይሳባል። ሱፉን በለብታ ውሃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳያሹ ይዘፍዝፉት፤ ሙቅ ውሃና እሽታ ከላይ የተናገርኩትን መያያዝ በጠቅላላው ልብስ ላይ ያመጣሉ፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ሲያወጡት ከሥሩ በሁለት እጅ ደግፈው ያንሡት፤ ውሃ የጠጣ ሱፍ በራሱ ክብደት ይረዝማል። አይጠምዝዙት፤ በፎጣ ጠቅልለው ይጫኑት። ከዚያ በጠፍጣፋ ቦታ ዘርግተው፣ በሚፈለገው ልክ ጎተት አድርገው፣ ጠርዙን ዝገት በማይነካው ስፒል ወግተው ይተዉት። ወፍራም ከሆነ እስከ ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ስፒሉ የሚነቀለው መካከሉም በእጅ ሲዳሰስ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ነው።